የቫይረስ ስፔሻሊስት ስለተባልኩበት ብሮሹርና ስለ ጋሽ እጅጉ ስንብት

ለተከበሩ አቶ ሃይለ ሚካኤል
የሰብል ምርምር ኮምፒውተር ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ፍኖተ ሰላም
ግንቦት 2001 ዓ.ም.

ከእነ ቤተሰብዎና ከእነ ምክትሎችዎ በሙሉ ጤና እንዲሰነብቱ፣ ጤናዎም እንደ ግሽ ዓባይ ምንጭ በበጋ እንኳ እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ ይህን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ መጨረሻ የሥራ ሪፖርት እንዲቆጥሩልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና። አምና በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የኔትወርክና ደህንነት ቡድን ሲዋቀር፣ በቡሬ ገጠር በግና በሬ ስከትብ የኖርኩትን እኔን፣ የእንስሳት ጤና ረዳቱን፣ የቡድኑ አስተባባሪ አድርገው ሾመውኛል። ማኅደሬ ውስጥ «የቫይረስ በሽታዎች ሥልጠና፣ ሦስት ወር» የሚል ወረቀት ሲያገኙ «ይኸውላችሁ ሰው!» እንዳሉ ሰምቻለሁ። ሥልጠናው ስለ በግ ፈንጣጣ መሆኑን ልነግርዎ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የሚሽከረከረውን ወንበር ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ስሜ ቻላቸው ቢሆንም ኮምፒውተሮቹን አልቻልኳቸውም። ይህን ለማወቅ አንድ ጧት በቃኝ፤ ለመናገር ግን ዓመት ፈጀብኝ። ቡሬ ሄጄ «ደህንነት ነው የምሠራው» ስል ጠላ ቤቱ ጸጥ ብሎ አዛውንቱ ሳይቀሩ ብድግ አሉልኝ። አላረምኳቸውም።

ሁለተኛ፣ ብሮሹራችን «በከፍተኛ ባለሙያዎች የተደራጀ» ስለሚለው ቡድን። እህተ ማርያም ኮምፒውተር ተምራ በዲፕሎማ የተመረቀች ብቸኛዋ ሰው በመሆኗ፣ እርስዎ ቢሮ ደብዳቤ እንድትተይብ ተመደበች። ጋሽ እጅጉ አሥራ አራት ዓመት የግቢው ዘበኛ ነበሩ፤ «ደህንነት» የምትለው ቃል ከግቢው በር አንሥታ የሰርቨሩ ክፍል በር ላይ አቆመቻቸው። ይሁን እንጂ ከሁላችን ሥራቸውን ያወቁት እሳቸው ሆነው ተገኙ። እህተ ማርያምን ጠይቀው ደንቡን በደብተር ጻፉ፦ ሳይመዘገብና እሷ ዘንድ ሳይፈተሽ ምንም ነገር ወደ ክፍሉ አይገባም።

ሦስተኛ፣ የራሴ በደል። የካቲት 18 ቀን ከኢንተርኔት ቤት የአጎቴን ልጅ የሠርግ ዘፈን በፍላሽ ቀድቼ መጣሁ።

«ጌታው፣ ይች ፍላሽ ትፈተሽ» አሉኝ ጋሽ እጅጉ።

«እኔ እኮ የቫይረስ ስፔሻሊስት ነኝ!»

«እንግዲያማ ቫይረሱ ሲያይዎት ያውቅዎት ይሆናል» ብለው ስሜንና ሰዓቱን ጻፉ። ገፍቻቸው ገባሁና ፍላሹን ሰርቨሩ ላይ ሰካሁት።

ዘፈኑ ሳያልቅ ፋይሎቹ ይጠፉ ጀመር። ከጠፉት መካከል ተመራማሪዋ ወይዘሮ ፋናዬ ለድንች በሽታ መላ ሲፈልጉ ከሰከላ ገበሬዎች ማሳ ስድስት ዓመት የሰበሰቡት ውጤት ነበረበት። እህተ ማርያም ሦስት ቀን ታግላ የአራቱን ዓመት መለሰችው፤ የሁለቱ ቀረ። ወይዘሮ ፋናዬ አልጮኹም። «እንግዲህ ድንቹ ሁለት ክረምት ደግሞ ይታመምልን» ብለው ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። አሁን እንደ አዲስ ሊያስተክሉ ሰከላ ናቸው።

አራተኛ፣ ግምገማው። እርስዎ በታወቀው ብልህነትዎ «በሩ ላይ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ እንጂ «በበሩ ማን ገባ?» ብለው አልጠየቁም። ጋሽ እጅጉ ደብተሩን በብብታቸው ይዘው ቆሙ፤ ሳይከፍቱት እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቆርቆሯችን ስንት ምስማር እንዳለው ዛሬም ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እነግርዎታለሁ። እሳቸውም «በሙያ ብቃት ማነስ» ተሰናበቱ።

ከሁለት ወር በኋላ ቡሬ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ጥጃቸው ታማ ስለነበር መጀመሪያ እሷን አከምኩ፤ በዓመት ውስጥ የማደርገውን አውቄ የሠራሁት ሥራ ይኸው አንዱ ነው። ከዚያ እንደምንም ብዬ ደብተሩን ለምን እንዳልከፈቱት ጠየቅኋቸው።

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ» አሉኝ እጃቸውን እየታጠቡ።

ይቅርታ ለመንኳቸው። «መልካም» ብቻ አሉና ደብተሩን አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ እስካሁን አላወቅሁም።

ስለዚህ የየካቲት 18ን ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ጋሽ እጅጉ ወደ በራቸው፣ እህተ ማርያም ወደ ተማረችው ሥራ፣ እኔም ከሰኞ ጀምሮ ወደ ከብቶቹ ብንመለስ፣ ማዕከሉ የሚጎዳው ብሮሹሩን እንደገና በማሳተም ብቻ ነው።

ጥላዎ በላያችን እንዲረዝም፣ ስብሰባዎ እንዲያጥር እየለመንኩ፣
ዝም በማለት ሲያገለግልዎ የቆየው
ቻላቸው ሙጬ
የእንስሳት ጤና ረዳት

ማሳሰቢያ፦ ቃለ ጉባኤው ጠፍቶ እንዳይቸገሩ፣ ጋሽ እጅጉ ይሰናበቱ ሲባል እጃችንን ያወጣነው ዘጠኝ ነን። መጀመሪያ የወጣው የእርስዎ እጅ ነው፤ ሁለተኛው የእኔ። በሁለቱ መካከል አንድ ሰከንድ አላለፈም፤ ማዕከላችን እስከ ዛሬ ካሳየው የኔትወርክ ግንኙነት ሁሉ ፈጣኑም እሱ ነው።