ያልደረቀው ባሕር ዛፍ

ረቡዕ፣ ጥር 20፣ ደብረ ማርቆስ

አባቴ ዛሬ ከደብረ ኤልያስ ወደ እንጨት ሥራ ማሠልጠኛችን የመጣው፣ ከራሱ ባሕር ዛፍ የሠራሁትን ምሰሶ ሊያይ ነበር። ሳንቃ በሳንቃ ላይ በሙጫ አጣብቄ ነው የሠራሁት። ውጭ አገር እንዲህ ባለ ምሰሶ ፎቅ ይሠራል እያልኩ ጉራዬን ስነዛበት ከርሜያለሁ።

ምሰሶውን የሸፈንኩበትን ሸራ ስገልጠው ሳንቃዎቹ ተላቅቀዋል።

አሠልጣኙ እንጨቱ እስኪደርቅ ጠብቂ ብሎኝ ነበር። አባቴ ሳይመጣ ልጨርስ ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር፣ እርጥቡን አጣበቅሁት።

«ሙጫውን ማን ነው የበጠበጠው?» አለ አባቴ ተቆጥቶ።

«እኔ ነኝ» አለች አብራኝ የምትሠለጥነው ዘቢደር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ አበላሸሁብዎ።»

እኔ አቀርቅሬ ሸራውን አጣጠፍኩ።

አባቴ ከሄደ በኋላ ምሰሶውን ተሸክመን ስናወጣ፣ «ሙጫውን አቅጥኜው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይሆናል» አልኳት።