ሽማግሌ የፈረደው ክንፍ

እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለእታለም ይሻሽ፤ እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? የጎንደር ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በጤና አለን። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው።

ታናሻችን ቤንያሚን ካኮረፈኝ ወር ሊሞላው ነው። ምክንያቱን ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ፤ የመጫወቻ አውሮፕላን ክንፍ ነው። ሞተር ያላት፣ ከመሬት ሆነን በመቆጣጠሪያ የምናበራት ትንሽ አውሮፕላን አብረን እየሠራን ነበር። አካሏ አልቆ ክንፏ ላይ ተጣላን። እኔ ከላይ ጎበጥ፣ ከታች ጠፍጣፋ ይሁን አልሁ፤ እንዲህ ያለው በዝግታም ይበራል፣ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እሱ ደግሞ ከላይም ከታችም እኩል ያበጠ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ተገልብጣ ካልበረረች ምኑን አውሮፕላን ሆነች ይላል።

ጩኸታችን የሰለቻት ባለቤቴ ፕኒና ለአባባ ታየ ነገረች። እሳቸው ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈራችን ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ፣ መርቀው ተቀመጡ፣ ሁለታችንንም አዳመጡ። ከዚያ ግራው ክንፍ እንደ እኔ እንደ ዘመኑ፣ ቀኙ እንደ ቤንያሚን ይሁን ብለው ፈረዱ! በይ እንግዲህ። አንዱ ክንፍ ከሌላው አብልጦ ካነሣ አውሮፕላኗ እንደምትጠመዘዝ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን የአባባ ታየን ቃል በምን አፋችን እንመልስ? ጉልበታቸውን ስመን ሠራነው።

በሳምንቱ ዓርብ ጠዋት ከከተማው ውጭ ወዳለው ሜዳ ወሰድናት፤ ሽማግሌዎቹም ሊያዩ መጡ። ቤንያሚን መቆጣጠሪያውን ያዘ፣ እኔ ወረወርኋት። የእኔ ክንፍ ሽቅብ፣ የእሱ ቁልቁል ሆነና ተጠማዝዛ አፈር ላይ ተከሰከሰች። አባባ ታየ ከልባችሁ ስላልታረቃችሁ ነው ብለው ተቆጡን። ቤንያሚን እያወቅህ ለምን ዝም አልህ አለኝ፤ አንተስ አልሁት። በዕብራይስጡ «ዳይ፣ በቃ!» ብሎ ስብርባሪውን ለቅሞ ወደ ቤቱ፣ ወደ ሽኩና ጊሜል ሰፈር ሄደ። ይኸው ስልክ አያነሣም። በሩን ሳንኳኳ፣ ሳሉን ከውስጥ እየሰማሁ፣ ሴት ልጁ ሊያን አባቴ የለም ትለኛለች።

ንዴቴ አልበረደም፤ አሁንም ከታች ጠፍጣፋው ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ግን አብረን እንሠራበት የነበረው ዓርብ ሲመጣ መግቢያ መውጫው ይጠፋኛል። አንቺን እምቢ አይልምና ደውይለት። ክንፉን እንደ ወደደ ይሥራው በይው፤ አፌን አልከፍትም። ብቻ ወንድሜ ይምጣልኝ።

ባለቤትሽን ላቀውን ሥራ ይቅናህ በይልኝ። ልጅሽን ማሬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትምህርቷን ትበርታ። ፕኒናም ናፍቃሻለች።

ወንድምሽ ዘመኑ
ቤር ሼቫ፣ የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.