በስሕተቴ የቆሙ ስምንት ምሰሶዎች

ቀን፦ ሐሙስ፣ በወሩ 12ኛ ቀን

ለሕንፃ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእኔ የተሳሳተ ስሌት የቆሙ ስምንት ምሰሶዎች ሳይመረመሩ የፎቁ ወለል አርማታ እንዳይፈስባቸው ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. አመልካች ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። የሰፈራችን ነዋሪዎች ምድር ቤቱ የሕፃናት መዋያ፣ ፎቁ የስብሰባ አዳራሽ የሚሆን ሕንፃ ለመሥራት ሲነሡ፣ የሚያስፈልገውን አርማታ እንዳሰላ በኮሚቴው ተመረጥኩ። «ቁጥር ከመምህር እጅ አይጠፋም» ተብሎ ተጨበጨበልኝ። እኔም ደስ አለኝ። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

2. ተማሪዎቼን መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን አሳዩ እል ስለነበር፣ የራሴንም አሳያለሁ። ምሰሶዎቹ አሥራ አራት ናቸው። የእያንዳንዱ ጎን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር ነው። ስለዚህ አንዱ 0.27፣ ሁሉም 3.78 ሜትር ኩብ ይሆናሉ። ድብልቁ ለአንድ ሳጥን ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ስለሆነ 3.78ን ለስድስት አካፈልኩ። የሲሚንቶው ድርሻ 0.63 ሜትር ኩብ ሆነ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 0.035 ሜትር ኩብ የሚይዘውን አንድ ሳጥን ይሞላልና አሥራ ስምንት ከረጢት አዘዝኩ። ማካፈሉ ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው ከማካፈሉ በፊት ነው።

3. ምሰሶዎቹ ከቆሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ባለፈው ማክሰኞ፣ ጎረቤቴ የአጥር መሠረት ሲያስፈስስ ቆሜ አየሁ። ልማድ ሆኖብኝ ሳጥኑን ቆጠርኩ። ስድስት ሳጥን ገብቶ ተቦካ፤ የወጣው ግን ከአራት ሳጥን አልበለጠም። ሁለቱ የት ገባ ብዬ የምታቦካዋን ሠራተኛ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። «አባባ፣ አሸዋው ጠጠሩ መሀል ገብቶ ይደበቃል እኮ! ሲሚንቶው ደግሞ አሸዋው መሀል። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ?» አለች።

እኔ አላውቅም ነበር። ወረቀት ላይ ስድስት ሳጥን ሁልጊዜ ስድስት ሳጥን ነው።

4. ቤቴ ገብቼ እንደገና አሰላሁ። ደረቁ ዕቃ የሚወጣው አርማታ 1.54 እጥፍ ያህል መሆን ነበረበት። የሚያስፈልገው ሲሚንቶ ሃያ ስምንት ከረጢት ነበር፤ አሥር ከረጢት አጉድያለሁ። ታዲያ አሥራ አራቱ ምሰሶዎች በምን ሞሉ? ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አላስቀመጠኝም። ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ ቤቱን ዞረህ ጨረስከው፤ ኧረ ተቀመጥ!» ትለኛለች። እቀመጣለሁ፤ ሳላውቀው ደግሞ ቆሜ እገኛለሁ።

5. ምሰሶዎቹን ያስሞላውን ፎርማን ሄጄ ጠየቅኩት። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረ፣ እጁን የማያወጣ ልጅ። መጀመሪያ «ሞልቷል እኮ መምህር፣ ይተዉት» አለኝ። አልተውኩትም። በመጨረሻ ነገረኝ። ስድስተኛው ምሰሶ ሲያልቅ የቀረው ሲሚንቶ ስድስት ከረጢት ብቻ ነበር፤ የቀሩት ምሰሶዎች ግን ስምንት። አሸዋና ጠጠር ከሌላ ክምር አምጥቶ፣ ስድስቱን ከረጢት ለስምንቱ አብቃቃ። አንዱ ምሰሶ ሁለት ከረጢት ይፈልጋልና፣ ስድስቱን ለአሥራ ስድስት ከረጢት ሥራ ማለት ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ኮሚቴው ሁሉ ቆሞ እያየ? መምህሬን በሰው ፊት ተሳስተዋል ልበል? ደግሞ እርስዎ ካሉ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ ይህ ሰው ሲሚንቶ አልሰረቀም። ያደረገው እኔን ማክበር ነው። አስተማሪ ሆኜ ያን ሁሉ ዘመን ስኖር «እዚህ ጋ ተሳስተዋል» የሚለኝ ተማሪ አለማፍራቴን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

6. የመሥሪያ ቤትዎ ተቆጣጣሪ መጥተው የምሰሶዎቹን ቁመትና ውፍረት ለክተው አጽድቀዋል። አልወቅሳቸውም፤ ሜትር የአርማታን ሆድ አያይም። እኔ ግን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጌ አዳመጥኩ። ስድስቱ ጥርት ብለው ይጮኻሉ። ስምንቱ ደረቅ ግንድ እንደመምታት ናቸው። ዘጠነኛውን በምስማር ብቧጭረው አሸዋ መዳፌ ላይ ወረደ። ጆሮዬና መዳፌ ማስረጃ ይሁኑልኝ አልልም፤ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ይምጣልኝ ነው የምለው።

7. ለኮሚቴው አስታውቄአለሁ። በሙያቸው አናጢ የሆኑት ሰብሳቢያችን «መምህር፣ እርስዎ ደግሞ ሠርጉ ካለቀ በኋላ! ሲሚንቶ እንደሆነ እያደር ይጠነክራል» አሉኝ። እያደር መጠንከሩ እርግጥ ነው። ያልገባ ሲሚንቶ ግን አይጠነክርም። የፎቁ ወለል አርማታ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንዲፈስ ተወስኗል።

8. ትናንት ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ ነበር። በመስኮት ያሉት ሠራተኛ «ጋሼ፣ ሰው ይፈቀድልኝ ብሎ ነው የሚያመለክተው፤ ይከልከልልኝ የሚል ዛሬ አየሁ። ለመሆኑ በማን ላይ ነው አቤቱታው?» አሉኝ። በራሴ ላይ ነው ብላቸው፣ ለእንዲህ ያለው ቅጽ የለንም ብለው መለሱኝ። ስለዚህ ያለ ቅጽ ጽፌአለሁ።

9. ለመዋያው ከተመዘገቡት አርባ ሁለት ሕፃናት አንዷ የልጄ ልጅ ናት። ኋላ ተሰምቶ ለእርሷ ብሎ ነው እንዳይባል አስቀድሜ እናገራለሁ። እርሷን ከመዝገቡ ማስወጣት እችል ነበር። አርባ አንዱ ይቀራሉ።

10. ስለሆነም፦

ሀ) ስምንቱ ምሰሶዎች እስኪመረመሩ ድረስ የሰኞው ሥራ በጽሑፍ እንዲታገድ፤

ለ) ከእያንዳንዱ ናሙና ተወስዶ ጥንካሬው እንዲለካ፣ የማይበቃው ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ፤

ሐ) በመዝገቡ ላይ ጥፋቱ በመጀመሪያ በእኔ ስም እንዲጻፍ፤ ፎርማኑ ቢጠየቅም እውነቱን ከመናገሩ ጋር እንዲታይለት አመለክታለሁ። ስምንቱን ምሰሶዎች በገዛ እጁ ምልክት አድርጎባቸዋልና ባለሙያዎ ፍለጋ አይደክሙም።

11. እስከ እሑድ መልስ ካልደረሰኝ፣ ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወንበሬን ይዤ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ምሰሶ መካከል እቀመጣለሁ። ሰው ከሥር ተቀምጦ አርማታ እንደማያፈሱ አውቃለሁ፤ ደጎች ናቸው። ይህ ማስፈራሪያ ተደርጎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። የእግዱን ደብዳቤ የሚያመጣው ሰው ቤቴ ሄዶ እንዳያጣኝ፣ የምገኝበትን ቦታ ማስታወቄ ነው።

መልስዎን በታላቅ አክብሮት እየጠበቅሁ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጡረተኛው የሒሳብ መምህር
የሕንፃው ኮሚቴ አባልና የአርማታው አስሊ