ስላልተቧጨረችው ጀልባና ስለተነጠቅሁት መንገድ

ለተከበራችሁ የከርከና ደሴት የሸራ ጀልባ ውድድር ዳኞች፣

ይህን ብዕር የያዘችው ልጄ ናዚሃ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። የባለዋንጫው የፈርጃኒ ሚስትም እሷው ናት፤ ቃሌን ላትለውጥ ምላለች። ለመሆኑ ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? ዳሱ ሥር ሆናችሁ የተጠበሰ ኦክቶፐስ ስትበሉ ጭሱ ዓይናችሁን እንዳልጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ነፋስ በቀኝ ጎኑ የሚገባለት ጀልባ ያልፋል፣ በግራው የሚገባለት ይለቃል። ይህን ሕግ እናንተ ከመጽሐፍ አነበባችሁት፣ እኔ ከአባቴ ጥፊ ተማርሁት። ወደ መዞሪያው ቀይ በርሜል ስንቃረብ ነፋሱ ለእኔ በቀኝ፣ ለአማቼ ለፈርጃኒ በግራ ነበር። «ቀኝ ነኝ፣ ልቀቅ!» ብዬ ጮኽሁ። እሱም መሪውን ሳይነካ፣ «አባባ፣ ባሕሩ ሰፊ ነው፣ እስቲ ትንሽ ገለል ይበሉ!» አለኝ። የጀልባዬ አፍንጫ ከጎኑ አንድ ክንድ ሲቀረው መሪዬን አጥፌ ገለል አልሁ። ሸራዬ ነፋስ አጥቶ ተንጠለጠለ፤ እሱ በርሜሉን ዞሮ ሄደ።

ሁለተኛ፣ አቤት ብል፣ «ጭረቱን ያሳዩን እስቲ ሐጂ፤ ካልተነካካችሁ ማን ማንን በደለ?» አላችሁኝ። ሃምሳ ዓመት ማንንም ሳልገጭ መኖሬ ጥፋት መሆኑን ስላሳወቃችሁኝ ዕድሜ ይስጣችሁ።

ሦስተኛውን ናዚሃ አልጽፍም ብላለች፤ ስለ ባሏ ነው።

አራተኛ፣ ያቺን የፈርጃኒን ጀልባ የሠራኋት እኔው ነኝ፤ ለናዚሃ ሰርግ የሰጠኋት። ሁለት ክረምት የላግሁትን ሳንቃ በገዛ ጀልባዬ መስበር አቃተኝ። የእኔዋ አሮጊት እንደዚያች አትሮጥም። ቀናህ ትሉኝ ይሆናል፤ አዎ፣ ቀናሁ! ያሸነፈ ሰው የኦክቶፐስ ወቅት ሲከፈት ቀድሞ ወጥቶ ማጥመጃ ማሰሮዎቹን ደስ ያለው ቦታ ያሰጥማል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀዳሚው እኔ ነበርሁ። ዘንድሮ በእጄ የሠራኋትን ጀልባ ከኋላዋ ሆኜ ላያት ነው።

ፍርዳችሁ እንደ ዳሳችሁ ይስፋ፤ ዓይናችሁም እንደ ሆዳችሁ ይጥገብ።

አክባሪያችሁ፣ መንገድ የነበረው፣ ዋንጫ የሌለው፣ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያተመ፣
ሐጂ ኽሚስ

ማሳሰቢያ፦ ለከርሞ መሪዬን አልነካም። የናፈቃችሁትን ጭረት አመጣላችኋለሁ፤ ሰው ከባሕር የሚያወጣ ገመድ ይዛችሁ ኑ።

በይ ናዚሃ፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ሳንቃው ጋ ስትደርሺ ግን ቀስ በይ።