ስምንት ጠረጴዛ

እሑድ፣ ማርች 3

ሲንጋፖር ከገባን አምስተኛ ሳምንታችን። ማንዳር ጠዋት ተነሥቶ፣ «ዛሬ ካርቶን መፍታት የለም፣ ዝም ብለን እንዝናና» አለ። ባሎች አንዳንዴ ደግ ነገር ያስባሉ። ባሕሩ ዳር ያለው መናፈሻ ሄድን። ለልጃችን ለኦቪ ብስክሌት ተከራየንላት። አማቴ፣ የማንዳር እናት፣ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ተራመዱ... ከተማችን ናግፑር ባሕር የት አለና! እንደ ልጅ ነው የሳቁት።

ከዚያ ምሳ። የምግብ አዳራሹ ጢም ብሏል። አማቴ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ባዶ ጠረጴዛ አይተው ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት የኪስ ሶፍት አለች። «ሰው ረስቷት ሄዶ ነው» ብለው ከፈቱና የኦቪን አፍ ጠረጉ። በቃ። ጥፋታቸው ይኸው ነው።

አንዲት ሴትዮ ሾርባ ይዛ መጣች፣ ሦስት ጓደኞቿ ከኋላ። «ተነሺ፣ ቦታዬ ነው! ሶፍቴንም ከፈትሽው? አገራችሁ የሰው ዕቃ መንካት ነው የሚያስተምሯችሁ?» ለስድሳ ስምንት ዓመት ሴት! አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን። አማቴ ተነሥተው የተረፈውን ሶፍት አጣጥፈው በሁለት እጃቸው ሰጧት። ተቀብላ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው።

ማንዳርስ? «ይቅርታ... ይቅርታ...» ሰባት ጊዜ። ቆጥሬያለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 5

አማቴ ከቤት አልወጣም ብለዋል። ዛሬ ፀጉሬን ዘይት እየቀቡኝ፣ «ቲኬት ቁረጡልኝ፣ ቤቴ ልግባ» አሉ። የትኛው ቤት? ባዶ ቤት! እናቴ ከሞተች ወዲህ ይህን ጭንቅላት የነካው የእሳቸው እጅ ብቻ ነው። አንገታቸውን ደፍተው አይሄዱም። አለቅም።

የሕንፃችንን ዘበኛ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «እዚህ አገር ሶፍት ካስቀመጥሽ ቦታውን ያዝሽ ማለት ነው፣ እህቴ። ማንም አይነካውም።» ስለዚህ ሴትዮዋ ልክ ነበረች... ይሄ ይባስ አናደደኝ። መልኳን ስነግረው ደግሞ ዘበኛው አወቃት። ወይዘሮ ፓንግ ትባላለች፤ ዘጠነኛ ፎቅ፣ የኛው ሕንፃ! በየእሑዱ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ እዚያው አዳራሽ ጓደኞቿን የዓሣ ሾርባ ትጋብዛለች አለኝ።

በየእሑዱ... ጥሩ።

ዓርብ፣ ማርች 8

ሊፍት ውስጥ አገኘኋት። ፊቷን ወደ ቁጥሮቹ አዞረች።  ቆይ ብቻ።

ስምንት የኪስ ሶፍት ገዛሁ። ማንዳር አየና፣ «ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ።»

እሑድ፣ ማርች 10

አማቴ አልመጡም። ማንዳርን መናፈሻው ውስጥ ጋዜጣ ይዞ ጋደም እንዳለ ትቼ ኦቪን ይዤ ቀደምኩ። አየር ማራገቢያዎቹ ሥር ያለው ረድፍ ስምንት ጠረጴዛ ነው። በየጠረጴዛው አንድ አንድ፣ ስምንት ሶፍት። መሐል ላይ ቁጭ ብዬ ዶሳ፣ የአገራችንን ስስ ቂጣ፣ አዘዝኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ መጣች። ሾርባው በእጇ፣ ሦስቱ ጓደኞቿ ከኋላ። ሌላው ጠረጴዛ ሁሉ ተይዟል። ዞረች። ደግማ ዞረች። ሾርባው ፈሰሰባት። መጨረሻ እኔ ዘንድ መጣች።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም።»

«ሁሉም?!»

«እንግዶች አሉብኝ» አልኳት ፈገግ ብዬ። «ደንቡን ካንቺ ነው የተማርኩት።»

 ምን ትበል? በገዛ ደንቧ! ጓደኞቿ ጥለዋት ሄዱ። እሷ ሳህን መመለሻው ጋ ቆማ የተረፈውን ሾርባ ጠጣች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌም ሁለቴ ዞሩ። አላየኋቸውም... አይቻለሁ። ግን አንዱን ሶፍት ካነሣሁ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ቆመው በሉ።

ሰኞ፣ ማርች 11

ኦቪ እየዘለለች ሁሉንም ለአያቷ ዘረገፈችው። «ሽማግሌውም ቆመው በሉ እኮ!» አማቴ ምስር እየለቀሙ ነበር። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸውን አቆሙ።

«ለኔ ብለሽ ነው?»

«ለእርስዎ ነው እንጂ ለማን ነው!»

«ያቺ ሴት እኔን ያስነሣችኝ ልትቀመጥ ነው። አንቺ ሰዉን ያስቆምሽው ማን እንዲቀመጥ ነው?»

  ቆይ... የተዋረዱት እሳቸው፣ የተበቀልኩላቸው እኔ፣ ጥፋተኛዋም እኔ? እንዴት ነው ነገሩ?

ኀሙስ፣ ማርች 14

ማንዳር ቲኬቱን ቆርጧል። ሳይነግረኝ። «እናቴ ናት የለመነችኝ» አለ። ለዚህ ሲሆን ወኔ አለው!

ቅዳሜ፣ ማርች 16

አማቴን ሸኘን። ኦቪን አቅፈው ብዙ አወሩ። ለኔ፣ «ልጅቷን እንዳንቺ አታድርጊያት» አሉ። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ማርች 17

ሽርሽር የለም። ማንዳር አያናግረኝም። ወተት ልገዛ ስወርድ ሊፍቱ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ወይዘሮ ፓንግ! ፊቷን ታዞራለች ብዬ ጠበቅኩ። አላዞረችም። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳቀች።

«አንቺ እኮ ቀላል ሰው አይደለሽም። አሮጊቷስ?»

«አገራቸው ገቡ።»

«ይሻላታል። ለዚህ አገር የምትሆን አልነበረችም። አንቺ ግን ትሆኛለሽ።» ክንዴን መታ መታ አደረገችኝ። «የሚመጣው እሑድ ከኛ ጋር ብዪ። ቦታ እይዝልሻለሁ።»

ስንት ስድብ አዘጋጅቼላት ነበር! ሁለት ሳምንት ሙሉ... አንዱም አልመጣልኝም።

«እሺ» አልኳት።