በቀብራችን ላይ ከረሜላ ለበተኑት ዕጩ ሸሪፍ

ለክቡር ምክትል ሸሪፍ ዴልበርት ፑኬት፣ የሎውሪ ካውንቲ ዕጩ ሸሪፍ፤

ጤናዎ በየአጥሩ እንደተሰቀለው ፎቶዎ የፈካ፣ ጉልበትዎም እስከ ምርጫው ቀን የማይዝል ይሁን እያልኩ፣ እኔ ክሌተስ ስቶቫል፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ከሚሰጠው የማታ ትምህርት በቅርቡ የተመረቅሁት፣ መምህርቷ ራሷ «አንተ ክሌተስ፣ ጽሕፈትህን ሐኪሞች ቢያዩት ያፍራሉ» ብላ የመሰከረችልኝ ሰው፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜን የኤርልን አስከሬን ከሬሳ መኪናው ፊት ሆነው፣ መብራትዎን እያበሩ ወደ መቃብር ስለመሩልን አመሰግናለሁ። መቃብሩ በወንዙ መንገድ ቅርብ መሆኑን ዕድሜ ልክዎን በሕግ አስከባሪነት ያገለገሉት እርስዎ ባያጡትም፣ ኤርል የመኸሩን በዓል ሳያይ እንዳይቀበር አዝነውለት፣ ሕዝብ በታጨቀበት በዋናው ጎዳና ስላሳለፉን ምስጋናዬ ድርብ ነው።

ሁለተኛ፤ የአገራችን ሰው ሬሳ ሲያልፍ መኪናውን ዳር አቁሞ ባርኔጣውን ያወልቃል። ያን ቀንም አወለቀ፤ ለኤርል። እርስዎ ግን ከትሕትናዎ ብዛት ክብሩ የራስዎ መሰለዎትና ክንድዎን በመስኮት አውጥተው ያውለበልቡ ጀመር።

ሦስተኛውን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል። ለምርጫ ሰልፍ ያዘጋጁትን፣ ስምዎ የተለጠፈበትን ከረሜላ በእፍኝ እየዘገኑ በተኑልን። ባርኔጣውን ያወለቀው ሁሉ ግራ ተጋብቶ መልሶ አጠለቀ፤ ልጆች ተሻሙ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ፀጉር አስተካካዩ መርል ከደጁ ሆኖ «ስማ ዴልበርት! ማንን ልትቀብር ነው፣ ተፎካካሪህን?» ቢል መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። ከሬሳው ቀጥሎ ባለችው መኪና ውስጥ እኔና የወንድሜ ሚስት ኦፓል ነበርን። ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብላት የምትገባበት ጠፍቷት፣ ምስኪን፣ እሷም እጇን አንሥታ አውለበለበች። እኔ በዚህ ከተማ ለማንም መልስ አጥቼ የማላውቀው ቀልደኛ፣ ዓይኔን የምጥልበት አጥቼ የመኪናውን ወለል ሳይ መቃብሩ ጋ ደረስኩ።

ከዚያ ወዲህ በየሱቁ የሚወራው ስለ እርስዎ ከረሜላ አይደለም። «ኦፓል ባሏን የቀበረችው እንደ ሙሽራ እጇን እያውለበለበች ነው» ይባላል። እሷም ቤቷን ዘግታ ተቀምጣለች፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀርታለች። «ክሌተስ፣ እጄ ራሱ ተነሣ እኮ፤ ምን ላድርገው?» ትለኛለች። ምን ልበላት፣ ክቡርነትዎ?

ስለዚህ ሐሙስ በእሳት አደጋ ጣቢያው በሚደረገው የዕጩዎች ክርክር፣ ስለ ሕግና ሥርዓት ከመናገርዎ በፊት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኦፓል ምንም አላደረገችም» እንዲሉልን በትሕትና እለምናለሁ። ስንቱን ሽፍታ በጫካ ያሳደደ ጀግና ለዚህች ዐረፍተ ነገር ወኔ ያጥረዋል ብዬ አልገምትም።

እርስዎ ማፈር ቢረሱ በምትክዎ እያፈረ ያለው፣ በጽሕፈቱ ውበት የተመሰገነው፣ ሳይጋብዙት በምርጫ ሰልፍዎ የተሰለፈው፣

ክሌተስ ስቶቫል

ማስታወሻ፦ በእኛ ዘንድ ቀብር ላጀበ ፖሊስ የሟች ቤተሰብ የምስጋና ካርድ እንደሚልክ ያውቃሉ። ኦፓል ካርዱን ሰው ልካ አስገዝታ፣ «ዴልበርት ደክሞት ይሆናል፤ ደኅና አድርገህ አመስግንልኝ» ብላ ሰጥታኛለች። እርስዎ ሐሙስ እስኪናገሩ ድረስ አንዲት ፊደል አልጥልበትም።