የመነሻ ፈተና

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ትራስ ደርበህ ነው የምትውለው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ደረጃ ስወጣ ካልሆነ ዝም ይላል።

የምጽፍልህ ስለ መለኪያው ነው። መሥሪያ ቤታችሁ «ተማሪው የት ደረሰ ብቻ ሳይሆን ከየት ተነስቶ» ብሎ ሲያወጣው፣ ሐሳቡ ያንተ መሆኑን ሰምቼ ኮርቻለሁ። የድሃ ልጅ ከሀብታም ልጅ እኩል አይነሳም፤ እውነት ነው። ዓመቱ ሲጀመር የመነሻ ፈተና፣ ሲያልቅ የመድረሻ ፈተና፤ ልዩነቱ እድገት። ወረቀት ላይ እንከን የለውም።

እዚህ ግን መምህራኑ በመነሻው ቀን ልጆቹን «ግማሹን ባዶ ተዉት» ይሏቸዋል። ከታች የተነሳ ብዙ ያደገ ይመስላላ። አንተ ራስህ በር መቃን ላይ ቁመትህን ስንለካ ተረከዝህን ታነሳ አልነበር? እነዚህ ደግሞ መጀመሪያ ጎንበስ ብለው ይለካሉ፤ ኋላ ቀና ይላሉ።

አምና እኔ እንዲህ አድርጉ አላልኳቸውም። ክፍሌ ውስጥ ጓደኞቿ «እማማ» የሚሏት ልጅ አለች። ታናናሾቿን ስትቆጣ ባልቴት ነው የምትመስለው። በመነሻው አንደኛ ወጣች። ከዚያ እናቷ ታመው አልጋ ላይ ቀሩ። አባት የለም። እናቷን የምታጥበው፣ የምታገላብጠው፣ ትንንሾቹን የምታበላው እሷ ሆነች። የመድረሻው ፈተና ላይ ሁለተኛውን ገጽ ሳትገልጥ እንቅልፍ ጣላት። ልቀስቅሳት ብል ፈታኙ ከለከለኝ።

«ያሽቆለቆለች» ተባለች። ለችግረኛ ልጆች በተከፈተው የድጋፍ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ቦታው በየዓመቱ የሚታደሰው ግን እድገት ላሳየ ነው። ምሳዋን፣ ከትምህርት በኋላ የሚያስጠናትን ሰው፣ ቤቷ ድረስ ትሄድላት የነበረችውን አማካሪ፣ ሁሉንም አጣች። ክፍልም ደገመች፤ ዘንድሮም እኔው ዘንድ ናት።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ተመላለስኩ። «ቀመሩን ያወጣው ወንድምሽ፣ ከሳሿ አንቺ። እቤታችሁ ተነጋግራችሁ ጨርሱት እንጂ እኔን መሀል ምን ያስገባኛል?» አለኝ። የሒሳብ መምህሩ ደግሞ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች» ብሎ ሳቀ። ስለ እሷ ይሁን ስለ እኔ አልጠየቅሁትም።

ለቢሮህም ጻፍኩ። «ውጤት በግለሰብ ሁኔታ አይሻሻልም» የሚል መልስ መጣ። ከሥር ያለውን ፊርማ አውቀዋለሁ፤ ስምህን መጻፍ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ምናልባት ሳታነበው ፈርመህ ይሆናል። አልፈርድብህም። ለአንዷ ብትከፍት ሁሉም በሩ ላይ ይሰለፋል።

ነገ የዘንድሮው የመነሻ ፈተና ነው። ዛሬ ልጆቹ ሲወጡ እማማን አስቀርቼ አነጋገርኳት። ወለሉን እያየች ሰማችኝ። ቦርሳዋን አንግታ ከጨረሰች በኋላ «ቲቸር፣ ስንቱን ልሳሳት?» አለችኝ።

አስልቼ ነገርኳት።

ዘንድሮ የእኔ ክፍል ጥሩ ያድጋል። ሪፖርቱ እጅህ ሲገባ ደስ ይበልህ። ልጆችህን እግዜር ያሳድግልህ፤ ወገብህንም ይማርልህ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ታላቅ እህትህ